ሰሌዳ ላይ የተማርኩት ኮምፒውተር

ጥቅምት 4
ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ መኝታ ክፍል ደረሰኝ። ስድስት አልጋ፣ ሁለት ቁም ሳጥን። ከላይ እኔ፣ ከታች ላፕቶፕ ይዛ የመጣች ልጅ። አባባ ደውሎ፣ "በኮምፒውተር የሚደርስብሽ ጠፋ አይደል?" አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዴ ላይ ኮምፒውተር ዘጠና ስምንት ስላለ ነው። ሱሪ ሲለካ እንኳ ለደንበኛው ሳይነግር አይለቀውም...

ጥቅምት 6
ማስታወቂያ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ የኮምፒውተር ፈተና። ያላለፈ ምህንድስናን ይርሳው።
እውነቱን እዚህ ብቻ ልጻፈው። ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም። አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይስልልን ነበር። የማውስን ትርጉም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ እጄ ግን አያውቀውም። የታችኛዋን ልጅ ልጠይቃት? ዘጠና ስምንት ብዬ ካወራሁ በኋላ? በምን አፌ!

ጥቅምት 9
ጉድ ሆንኩ።
ስለ ራሳችሁ አንድ ገጽ ጻፉ ተባለ። ማውሱ ጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስብኝ መንገዱ ያለቀ መስሎኝ ቆምኩ። ጎኔ ያለው ልጅ በሹክሹክታ፣ "አንስተሽ መልሺዋ!" አለኝ። ግን ጻፍኩ። በአንድ ጣት፣ ስለ አባባ የስፌት መኪና፣ አንድ ገጽ ሙሉ! ከዚያ የላብራቶሪው ኃላፊ ጋሼ፣ "ሰዓት አልቋል፣ አጥፉና ውጡ" አሉ። ቁልፉን ተጫንኩ። ጨለመ።
በር ላይ የታችኛዋ ልጅ፣ "ሴቭ አደረግሽ አይደል?"
ምን?
"ውይ... ሳታስቀምጪ ካጠፋሽውማ ሄዷል።"
ስልኬ ላይ የምጽፈው እኮ ራሱ ነው የሚቀመጠው። በምን ልወቅ?

ጥቅምት 10
አባባ አራት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም።

ጥቅምት 11
ጋሼ አስጠሩኝ። ሄድኩ።
"ስትወጪ የትኛውን ነው የተጫንሽው?"
ጠቆምኩ። እስኪያስላቸው ሳቁ።
"ይሄ እኮ ስክሪኑን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ኮምፒውተሩ ሲሠራ አደረ፤ ጽሑፍሽን እንዳለ አገኘሁት። ማጥፋት ብትችዪ ኖሮ ወድቀሽ ነበር! የማስቀመጡ ነጥብ ቀርቶብሻል፤ ግን አልፈሻል።"
እፎይ! እዚያው አለቀስኩ። ከዚያ ሳላስበው አፌ አወጣው። "ጋሼ፣ እኔ ኮምፒውተር አልችልም።"
"እሱንማ አየሁት። ቅዳሜ ጠዋት ነይ፣ አለማምድሻለሁ። ብቻሽን እንዳይመስልሽ፤ አሥራ ሰባት ናችሁ።"
አሥራ ሰባት! እኔ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ እኔ ብቻ...

ኅዳር 17
ለአባባ ደውዬ ነገርኩት። ዘጠና ስምንቱ የሰሌዳ ነው አልኩት።
"እኔስ? ስፌት ስማር ያለ ክር፣ ወረቀት ላይ፣ አንድ ወር ሙሉ ስሰፋ ከረምኩ እኮ። ያስተማረኝ ሰው ጨርቅ የሰጠኝ ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ጨርቁን ሰጡሽ?"
"ሰጡኝ አባባ።"
"በቃ!"
ምንኛ ቀለለኝ። ያን ቁጥር ለካ እኔው ነበርኩ የተሸከምኩት።
የዛሬውን የጻፍኩት ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ በስድስት ጣት። አስቀመጥኩት። ሁለት ጊዜ። አሁን ኮምፒውተሩን ራሱን ላጠፋው ነው።