አህያዋ የኔ ናት

አንተ ዝምተኛው፣ ይሄን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ቆመህ ካነበብከው ትሸሻለህ፤ አውቅሃለሁ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? የሰው አገር ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔም ደህና ነኝ እላለሁ፤ ደህናው ግን ከአንገት በላይ ነው፣ አንጀቴስ እርር ድብን ብሏል።

የሕይወት ታሪኬ ብለህ ያሳተምከው መጽሐፍ ደርሶናል። ታናሿ እህታችን ለእማዬ ጮክ ብላ ታነብላታለች። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጸጉር ቤቴ ጢም ብሎ ነበር። ደንበኛዬ ነርሷ ካስክ ስር ጸጉሯን እያደረቀች፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት እየታጠበች፣ እኔ እንደ ልማዴ የጋሪውን ታሪክ ጀመርኩ። አከራያችን ቤቱን ለዘመዱ ሊሰጥ ብሎ፣ እማዬ ታናሿን ወልዳ ገና ከአልጋ ሳትነሳ እቃችንን ጋሪ ላይ ሲያስጭን፣ እኔ የተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ወጥቼ ቁጭ ያልኩትን። «ጋሼ፣ ፍራሹን ከወሰዱ እኔንም ከነፍራሹ ይውሰዱኝ፤ ቁርሴን ግን በጊዜ ነው የምበላው» ብዬ ሰፈሩን የሰበሰብኩትን፣ ሰውዬው አፍሮ እቃውን መልሶ ያስገባውን። ነርሷ ካስኩን ከፍ አድርጋ፣ «እንዴ እትዬ፣ ይሄ እኮ የወንድምሽ ነው፤ መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ። አንቺማ ጥግ ይዘሽ ስታለቅሺ ነበር» አለችኝ። ሴቱ ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። በምላሴ የኖርኩት ሴትዮ ያን ቀን የዳቦ ቤቷን ጸጉር ሁለት ጊዜ በሻምፖ አጠብኩት።

እኔ ነኝ ጥግ ይዤ የማለቅስ? አንተ ያን ቀን ግቢው ውስጥ አልነበርክም። ጆሮ ደግፍ ይዞህ፣ ለኛም እንዳታስተላልፍ ተብሎ፣ ጉንጭህ በሻሽ ታስሮ አክስታችን ቤት ተቀምጠሃል። የመጣኸው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያማ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንቺ ለፍላፊ የጋሪውን ንገሪያቸው ሲለኝ፣ አንተ በሩ ስር ተቀምጠህ አፍህን ከፍተህ ትሰማኝ ነበር። ይኸው የሰማኸውን እንዳየኸው ቆጠርከው። ሆን ብለህ ሰረቅከኝ አልልም። ወሬው ጣፍጦህ ደምህ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ጥፋቱ ጥሩ አድርጌ ማውራቴ ነው እንግዲህ።

ምስክር ካልክ አህያዋ አለችልህ። አህያዋ እንኳ አልንቀሳቀስም ብላ ከኛ ጋር ወገነች ብለህ ጽፈሃል። የኔ ጌታ፣ ጋሪው በሰው የሚገፋ ነበር፤ እዚያ ግቢ አህያ የሚባል ገብቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንግዳችን ሲያዛጋ ሳየው እኔ ነኝ የጨመርኳት። አባዬ በሳቅ ፈነዳ፣ እሷም በዚያው ቤተሰብ ሆና ቀረች። አንተ ታዲያ በየት በኩል አየሃት?

ለእማዬ ስሞታ ብነግራት፣ «ሁለታችሁም ከአንድ ማህፀን ናችሁ፤ ፍራሹ ላይ የወጣው ልጄ ነው፣ ይበቃኛል» አለችኝ። መጽሐፉን ትራሷ ስር አድርጋ ትተኛለች። ጉልበቷን በየቀኑ የማሸው እኔ፣ ትራስ ስር የገባኸው አንተ።

ቀንተሽ ነው በለኝ። አዎ፣ ቀንቻለሁ፤ ቅናት በኔ አልተጀመረም። እኔ በአፌ ስጥለው የኖርኩትን አንተ በወረቀት ስታስረው ሰው ጸሐፊው፣ ደራሲው ይልሃል። ግን የሚያበግነኝ እሱ ብቻ መስሎህ እንዳትሸወድ። ባለቤትህ ሹክ ባትለኝ ሆስፒታል ወጥ ቤት ድስት ስታጥብ እንደኖርክ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር አንድ አልጋ በፈረቃ እንደተኛህ በምን አውቅ ነበር? በስልክ ንገረኝ ስልህ ምንም የለም፣ ደህና ነኝ ብለህ ትዘጋብኛለህ። ታናሿን መጽሐፉን ተቀብያት ከዳር እስከ ዳር ሳገላብጥ የፈለግኩት ያንን ነው። የወንድሜን ኑሮ። አንዲት ገጽ የለም። የራስህን ቀብረህ የኔን ለበስክ። አንተ የምትጽፈው ሞልቶ ተርፎሃል፤ እኔ ሰው የሚሰማኝ በዚያች ቀን ታሪክ ብቻ ነው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ከአንተ ይልቅ እሷ እህቴ ሆናለች። ትልቁን ልጅህን በትምህርትህ በርታ በልልኝ። ትንሿ ወሬ ትወዳለች አሉ፣ በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ እኔን ነው የወጣችው። እማዬ ትስምሃለች፣ ትመርቅሃለች። ታናሿም እንዴት ነህ ትልሃለች፤ እሷ ያን ቀን አራስ ቤት ስለነበረች ለማንም አትፈርድም።

በመጪው ወር ስለ መጽሐፉ ሬዲዮ ላይ ትቀርባለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ጸጉር ቤቴን ዘግቼ ነርሷንም፣ የዳቦ ቤቷንም፣ እማዬንም ደርድሬ እሰማሃለሁ። ለኔ ስልክ እንዳትደውል። ለእማዬም እንዳትደውል፤ አባብለሃት ታልፋለህ። ጋዜጠኛው ማይኩን ሲሰጥህ፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ ፍራሹ ላይ የወጣችው እህቴ ናት፣ እኔ አክስቴ ቤት ነበርኩ በል። ከዚያ ደግሞ ድስት ያጠብክበትን ቤት ንገረን።

እህትህ
ከጸጉር ቤቱ፣ ደንበኛ ሳይገባ
ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን