የተከለለው ዳገት

ለወንድሜ ለደረጄ፣

የድጋፍ ገንዘቡ ባለፈው ሳምንት ዳገቱን ለከለለው ማኅበራችን ተለቀቀ። አንተስ እንደምን ሰነበትክ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም አለን።

ከጋፋት በላይ ያለው ዳገት ከብት እንዳይረግጠው ከተከለለ ወዲህ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ደርቆ የነበረው ምንጭም መፍሰስ ጀምሯል። ሣሩን እያጨድን ከብቶቹን ደጃችን አስረን እንቀልባለን፤ ላማችን ወተት ጨምራለች። የረዱንን ሁሉ እግዜር ይስጣቸው።

አባባም ደህና ናቸው። አምና በስብሰባው ተነስተው፣ «ከብቱን ወደ ዳገቱ የነዳ ከማኅበሩ ይውጣ» ብለው አገሩን ያስማሉት እሳቸው እንደሆኑ ሰምተሃል። ማክሰኞ ዕለት በሬውን ፈትተው ወደዚያው ነዱት። ጠባቂው ዓለምነው እየሮጠ ደርሶ፣ «አያ ፈንታሁን! ደንቡን ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ቢላቸው፣

«የምን ደንብ? ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ዓለምነውን ክርስትና ያነሱት እኮ እሳቸው ናቸው። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከኋላ የደረስኩት እኔም አብሬው ሳቅሁ። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል፤ መነጽር ብትልክላቸው ጥሩ ነው። ትናንትም ስለነዱት፣ አሁን በሬውን የማስረው እኔ ነኝ።

ከማኅበሩ ከወጣን ሣሩም ማኅበሩ የሚያድለን ችግኝም ይቀርብናል። ሽማግሌዎቹ ግን ደጎች ናቸው፤ ወዲያው አላስወጡንም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው ይወስናሉ። አባባ በሰው ፊት ቆመው ራሳቸው ያስረዱ ብለዋል።

መድኃኔዓለም በያለህበት ይጠብቅህ፤ መንገዱ ከቀናህ እስከ እሑድ ድረስልን።

እህትህ ውዴ