ሹፌሩ እየመጣ ነው

ረቡዕ ጠዋት፣ የወሩ አሥራ አንደኛ ቀን
ከሥራ ቤቴ

ለምወድህ ልጄ፣

ሰላምታውንና የጤናህን ነገር ዛሬ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። አስቀድሜ ሰላም ካልኩህ እንደ ልማዴ በሰላምታው ተሸፍኜ እወጣለሁና ነገሩን ከፊት ላድርገው። ያ በስምህ የተመዘገበው የትራፊክ ቅጣት፣ አራት ዓመት ሙሉ "የቢሮ ስህተት ነው" ስልህ የኖርኩት፣ የቢሮ ስህተት አይደለም። መኪናዋን ደርቤ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ስምህንም ቅጹ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩና ውሃ ጠጣሁ። አሁን ልቀጥል።

ያን ቀን ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የሠራሁትን ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ላደርስ ሄድኩ። መንገዱ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ መኪና ሞልቶታል። "አምስት ደቂቃ ናት" ብዬ ፒካፗን ከአንዲት ነጭ መኪና ጎን አቆምኳት። ሶፋው ግን የደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። እኔ ከታች ስገፋ፣ ዘበኛው ከላይ ሲጎትት፣ አንዲት ሴት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከፎቅ ወረደች። አዋላጅ ናት፤ ነጯም መኪና የእሷ ነበረች።

"ጋሼ፣ ይሄ ሶፋ እኮ በእግሩ ነው የመጣው!" አለችኝ። "ያዙሩት፣ በጭንቅላቱ ይምጣ! እኔን ደግሞ ምጥ ላይ ያለች ሴት እየጠበቀችኝ ነው፣ ያሳልፉኝ።"

ዘበኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በሶፋው ሥር ሾልካ ወጣች። ወዲያው ግን ተመለሰች፤ አሁን ሳቅ የለም።

"ያቺን ፒካፕ ያቆመው ማነው? ዘግቶብኛል።"

ልጄ፣ "እኔ ነኝ" ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን በላብ ተጠምቄ፣ የሶፋ እግር ትከሻዬ ላይ ተደግፎ፣ ዘበኛው ቁልቁል እያየኝ አፈርኩ። እንደ ተራ ተሸካሚ ሆኜ፣ "ሹፌሩ እየመጣ ነው" አልኳት።

"እንግዲህ ይምጣ፤ ሕፃኑ ግን አይጠብቀውም" ብላ በእግሯ ሄደች። ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ ሕፃኗ በሰላም መወለዷን ነገረችኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። "ሹፌሩስ መጣ?" ብላም ጠየቀችኝ።

ሶፋውን አስገብቼ ስወርድ ትራፊክ ፖሊሱ ፒካፗ አጠገብ ቆሞ ይጽፋል። በሩ ጥግ ተሸሽጌ እስኪሄድ ጠበቅሁ። ዋይፐሩ ሥር ያስቀመጠው ወረቀት ላይ "ሹፌሩ በቦታው አልነበረም" ይላል። ቀጥሎ በፖስታ ቅጽ መጣ፤ ባለንብረቱ በዕለቱ ያሽከረከረውን ሰው ስም ይጥቀስ የሚል። በዚያ ዓመት ሁለት ጥፋት ነበረብኝ፤ ሦስተኛው መንጃ ፈቃዴን ለስድስት ወር ያስነጥቀኛል። ሶፋ ደግሞ በጀርባ አይዞርም።

በቤታችን ሹፌሩ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። የአራት ዓመት ልጅ ሆነህ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዘህ በየክፍሉ ስትዞር ይህን ስም ያወጣችልህ እናትህ ናት። "ሹፌሬ፣ ወጥ ቤት ታወርደኛለህ?" ትልህ ነበር። እኔም ሹፌሩ ብዬ ዋሽቼ ነበርና ሹፌሩን ጻፍኩ። ገና ወጣት ነው፣ አንዲት ጥፋት ምን ትጎዳዋለች ብዬ። ውሸት እንዲህ ናት፤ መቀመጫ ከሰጠሃት አልጋ ትጠይቃለች።

ከዚያ ለሹፌርነት ያመለከትክበት አውቶቡስ ድርጅት በዚያ ቅጣት ምክንያት አንተን የመለሰበት ቀን መጣ። በሩ ላይ ቆመህ፣ "አባዬ፣ ደርቦ ማቆም ይላል። እኔ መቼ ነው ደርቤ ያቆምኩት?" አልከኝ። ስፖንጅ እየቆረጥኩ ነበር። ቀና አላልኩም። "ቢሮ አይደል፣ ይሳሳታል" አልኩህ። መቃወሚያ አስገባህ፤ ቀኑ አልፏል ብለው መለሱብህ። በሦስተኛው ወር ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። መሪ መያዝ የነበረበት እጅህ ይኸው በሰው አገር መጋዘን ካርቶን ይደረድራል። ለእናትህ ቀብር እንኳ አልደረስክም።

እናትህ ታውቅ ነበር።

ይህን ያወቅሁት ገና አሁን ነው። ባለፈው ወር የላክኸው ደብዳቤ ደረሰኝ። እዚያ ያለው አውቶቡስ ድርጅት ሹፌር እንደሚፈልግ፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ ንጹህ የመንጃ ማስረጃ ካላመጣህ ቦታው ለሌላ እንደሚሄድ ጽፈህልኛል። "አባዬ፣ እባክህ ያንን ስህተት ጠይቅልኝ" ትላለህ። የቅጣቱን ወረቀት ቁጥር ልፈልግ የእናትህን ሳጥን ከፈትኩ። ወረቀቱ የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ፣ በየጠዋቱ የምትገልጠው ገጽ ላይ ተቀምጧል። ሰዓቱ ላይ በእርሳስ አስምራበታለች። ጠርዙ ላይ በዚያ እንደ ሕፃን ጽሕፈት በሚተልቀው ፊደሏ፣ "ልጄ ጣሪያ ላይ ነበር" ብላለች።

ያን ቀን አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ስትመታ መሰላሉን የያዘችልህ እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ እኔ እስክናገር ጠበቀችኝ። ልታርፍ ሰሞን፣ በጠራራ ቀትር፣ የሥራ ካፖርቴን እንደደረብኩ አልጋዋ ጎን ተቀምጬ ነበር።

"የደረብከው አይከብድህም? አውልቀው እንጂ" አለችኝ።

"አልሞቀኝም" አልኳት።

"እኔ ስለ ሙቀት አወራሁ?" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕመሙ ነው የሚያናግራት ብዬ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ባለፈው ሐሙስ ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። መስኮት ሦስት ላይ ጉንፋን የያዛት አንዲት ወጣት ተቀምጣለች።

"አባባ፣ መቃወሚያ በሠላሳ ቀን ውስጥ ነበር። አራት ዓመት ዘገዩ እኮ።"

"ቅጣቱን አይደለም የምቃወመው ልጄ። ቅጣቱ ልክ ነው። ስሙን ነው።"

"ስሙ ምን ሆነ?"

"የእኔ መሆን ነበረበት።"

መሐረቧን ከአፍንጫዋ ላይ አነሳች። "እዚህ ወንበር ላይ ስድስት ዓመቴ ነው። 'እኔ አይደለሁም' የሚል በየቀኑ ይመጣል። ወንድሜ ነው፣ ጎረቤቴ ነው… አንዱማ አማቴ ናት አለ፤ ሴትዮዋ ብስክሌት እንኳ አትነዳም። 'እኔ ነኝ' የሚል ግን ዛሬ አየሁ።"

ከዚያ ወረቀቱን እንደ ፊደል አስቆጠረችኝ። ይሄ ሰሌዳው፣ ይሄ ቦታና ሰዓቱ፣ ይሄ ቁጥር የጥፋቱ ዓይነት። ጥግ ይዞ ከቆመ መኪና ጎን ካቆምክ፣ ሞተሩ ቢነሳም፣ መብራት ብታበራም፣ መሪው ላይ ብትቀመጥም ደርበሃል አለችኝ። "አምስት ደቂቃ ነበር" ብላት፣ "አባባ፣ አምስት ደቂቃ የሚባል ሕግ የለም" አለች። "ጥፋቱን ለመቃወም ቀን አለው። የተሳሳተ የአሽከርካሪ ስም ለማስታረም ግን ቀን የለውም፤ ያጠፋው ሰው ራሱ ቀርቦ ከፈረመ የልጅዎ መዝገብ በዚያው ቀን ይጸዳል።" ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሲፈርሙ ግን የሐሰት ቃል ሰጥቻለሁ ማለትዎ ነው። መንጃ ፈቃድዎ ለአንድ ዓመት ይያዛል።"

ቅጹን በመስኮቱ አሾለከችልኝ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት አንተን አይደለም ልጄ። በፒካፗ ላደርስ የተዋዋልኩትን የትምህርት ቤት አዳራሽ ወንበር ነው።

"መነጽሬን ረስቻለሁ" አልኳት።

መነጽሩ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ግማሹ ወጥቶ ይታያል። አየችው። አየችኝም። "እሺ አባባ፣ መነጽርዎን ይዘው ይመለሱ" አለች። እንዲህ በቀስታ የተናገረኝ ሰው ያን ያህል አሳፍሮኝ አያውቅም።

ሰኞ ዕለት ደንበኛዬ የሆኑ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት እህታቸውን ይዘው አሮጌ ወንበር አመጡልኝ። እህትየው፣ "ከላዩ አዲስ ጨርቅ ጣል ቢያደርግበት አይበቃም?" አሉ። መምህርቷ ተቆጧቸው። "እሱ አሮጌ ላይ አይደርብም! ገፎ፣ የበሰበሰውን አውጥቶ ነው የሚያለብሰው። ለዚህ አይደል የማምነው!" እኔ ሚስማር እየመታሁ ነበር። መዶሻው አውራ ጣቴን አገኘው። ይገባኛል።

አሁን ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ እሄዳለሁ። ሳልፈርም ከተመለስኩ አልልከውም፤ ለፈጣሪ እንዲህ ብዬ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ እጅህ ከገባ ፈርሜያለሁ ማለት ነው። ይቅር በለኝ ብዬ አላጣድፍህም። ቁጣህ የራስህ ነው፣ እስክትጨርሰው ያዘው። የእናትህን ዝምታ ግን አደራ፣ በክፉ አትይባት፤ የእኔን አፍ ስትጠብቅ ነው ጊዜዋ ያለቀባት።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። ፍሬንህ አይከዳህ፣ ጭጋግ አይጋርድህ፣ የምትጭነው ሰው ሁሉ በሰላም ይውረድልህ። እኔ እንኳ አጠገብህ ባልሆን እሱ አይለይህ።

ያጠፋው አባትህ

ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ፦

ገና ሳትቀመጥ፣ "መነጽርዎን ይዘዋል?" አለችኝ የመስኮት ሦስቷ ልጅ። "ይዣለሁ" አልኳት። ቅጹ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በዕለቱ ያሽከረከርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ጣሪያ ላይ ነበር።" ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ከእናትህ ነው የተዋስኩት። ፈረምኩ። መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ በመስኮቱ ሰጠኋት። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታች፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለአንተ። ያንተን እዚህ ውስጥ አጥፌዋለሁ፤ ስምህ ላይ ምንም የለም።

በአውቶቡስ ተመለስኩ፣ ሹፌሬ። ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። መሐል መንገድ ላይ ሞቀኝና ካፖርቴን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።