በቀን አሥር ጣት፦ የአቶ ቢሻው ፈንቴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቢሻው ፈንቴ ከአባታቸው ከአቶ ፈንቴ አላምረውና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ንጉሤ በጭልጋ፣ አይከል አጠገብ፣ በግንቦት ወር 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ያዘጋጀሁት ታላቅ እህታቸው ታንጉት ነኝ። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ «እርሳቸው» ብዬ፣ ያውም በቀብራቸው ቀን፣ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅምና ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አይከል ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1962 ዓ.ም. በወባ መከላከያ ሥራ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ደም ሰብሳቢ ሆነው ወደ መተማ ቆላ ተዛወሩና መኖሪያቸውን ገንዳ ውሃ አደረጉ። ሥራቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ የሰው ጣት በመርፌ ወግተው ጠብታዋን በቁራጭ መስታወት ላይ ቀብተው ወደ ላቦራቶሪ መላክ፣ ትኩሳት ላለበትም ኪኒን መስጠት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ወይዘሮ መነን አዛናውን አግብተው ዘሩንና ውባንችን ወለዱ።

በቀን አሥር ሰው ሊያዩ ለራሳቸው ቃል ገቡ። አሥር ሰው ማግኘት በሰኔ ቀላል ነው። ችግሩ ወባው የሚበረታው ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን መሆኑ ነው። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ቤቱ ሁሉ ኦና ነው፣ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን አራት ሰው አይቶ የሚመለስን ሠራተኛ የሚወቅሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን ማሳው ድረስ ሄዱ።

ከጎጃምና ከወሎ የመጣው አጫጅ የሚከፈለው ባጨደው ልክ ነውና ማጭዱን አላስቀምጥ አለ። አንዱ «ጋሼ፣ እርስዎ ጣቴን ሲወጉ የኔ ሁለት ነዶ ቀረ ማለት ነው» አላቸው። ወንድሜ ማጭዱን ተቀብለው ሁለቱን ነዶ አጨዱለትና ጣቱን ወጉት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ካቦዎቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ ኋላ ትርፍ ማጭድ ያስቀምጡላቸው ጀመር።

የቀበሌ ስብሰባ ቀኑን ሲበላባቸው ተሰብሳቢውን በተቀመጠበት ወጉት። በ1977 ወደ ሱዳን የሚሻገረው ችግረኛ መንገዱን በሞላ ጊዜ እህል ሲያድሉ ውለው እንኳ አሥራቸውን ሳይሞሉ አልገቡም። እጃቸው ተሰነጣጥቆ ሳይ «ዛሬስ ሰባት ይበቃሃል» እላቸው ነበር። መልሳቸው ያው ነው፤ «እታለም፣ ዛሬ ሰባት ካልሁ ነገ ሦስት እላለሁ።»

ባለፈው ዓርብ፣ ኅዳር 6 ቀን፣ ዘጠኝ ሰው እንዳዩ አጫጆቹ በመኪና ተጭነው ወደ ሌላ እርሻ ሄዱ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ አሥረኛ ሰው ጠፋ። ባልደረባቸው ሐሚድ እንደነገረን፣ እየሳቁ የራሳቸውን ጣት ወግተው ቁጥሩን ሞሉ። አሞኛል አላሉም።

ቅዳሜ ራሳቸውን ሲያማቸው ፀሐይ ነው አሉ፤ የዚያንም ቀን አሥር ሰው አይተው ገቡ። ሰውን ሁሉ «ራስ ምታት አትናቁ፣ ቶሎ ኪኒን ውሰዱ» ሲሉ የኖሩ ሰው! ኪኒኑ ያለበት ቦርሳ ከራስጌያቸው ተሰቅሎ ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ወንድሜ ለራሳቸው መቁረስ ከነአካቴው ረሱ። እሑድ መቃዠት ጀመሩ። ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው መኪና ስንፈልግ፣ ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም. በ35 ዓመታቸው ዐረፉ። ዱብ ዕዳ ነው የሆነብን። ቅዳሜ በእግሩ የገባ ሰው ሰኞ ሞተ ሲሉኝ ተቆጣሁ እንጂ አላለቀስሁም፤ አሁንም አላመንሁም።

ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ፣ የዓርብ ዕለቱ ውጤት ከላቦራቶሪ መጣ። ዘጠኙ ሰዎች ነፃ ናቸው። ወባ የተገኘው በአሥረኛው ደም ብቻ ነው። ሐሚድ ወረቀቱን ይዞ ደጅ ቆሞ አገኘሁት፤ ለማን እንደሚሰጠው ጨንቆት ነበር።

አቶ ቢሻው እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መነንን፣ የስምንት ዓመቱን ዘሩን፣ የአምስት ዓመቷን ውባንችንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። በሐዘናችን ለደረሳችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከቀብር መልስ ሐሚድ ከድንኳኑ በር ላይ መርፌውንና መስታወቱን ይዞ ይቀመጣል፤ የዛሬው አሥር ገና አልተጀመረም። ጣታችሁን ሳትሰጡ አትሂዱ። እኔ መርፌ ስለምፈራ አሥር ዓመት ሙሉ እጄን ከነጠላዬ ሥር ደብቄባቸዋለሁ። ዛሬ ፊተኛዋ እኔ ነኝ።

አላርፍ ያለችውን ነፍሳቸውን ድካማቸውን ያየ አምላክ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።