ጠፋ ስለተባለው ስድስት መቶ ጊጋባይት፣ ለማኅበራችን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ባምላክ ይርዳው
የ«ወገን ለወገን» መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ሃይ ማላካል፣ ጁባ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሆቴልዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ ሮማነወርቅ ሥዩም፣ ላለፉት አሥራ አራት ወራት የማኅበሩን መዝገብ ስይዝ የቆየሁ አገልጋይዎ ነኝ። አስከሬኑ አገር ቤት ሊገባ ያልቻለ ወገናችን እዚሁ ጁባ ሲቀበር፣ ማን የት እንዳረፈ የሚናገረው ያ መዝገብ ብቻ እንደሆነ፣ የወረቀቱም መዝገብ በዝናብ ከተበላሸ ወዲህ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ እንደሚኖር ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም። ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በአደባባይ የማቀርበው፣ በቢሮ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ በማጣታቸው ነው።

አንደኛ፤ መጋቢት ላይ ኮምፒውተራችንን በገዛ እጅዎ ለማሻሻል ስለተነሡ አመሰግናለሁ። ሄቨን ሽፈራው የተባለች የደብረ ብርሃን ሴት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ድምፁ የጠፋባትን ወንድሟን ሽመክትን እንድናፈላልግላት የጻፈችው ደብዳቤ በደረሰን በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው። እኅቱ በየትኛው ሆቴል እንደሚሠራ ባታውቅም፣ ሽመክት በሆቴልዎ ምግብ አብሳይ ነበር። ስሙን ከመዝገቡ ልፈልግ ስል «አንቺ ተዪው፣ እኔ ራሴ አያለሁ» አሉኝና፣ «በመዝገባችን እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ ላኩላት። በማግስቱ ሃርድ ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ክፍል ለምስጢራዊ ጉዳዮች እንዲውል ወሰኑ። አስቀድመን ቅጂ እንያዝ ብዬ ብለምንዎም «ጊዜ የለንም» ብለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ክፍፍሉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። መብራት ሄደ አሉኝ። ክቡርነትዎን ማስተባበል አይገባኝም፤ ብቻ ከራስዎ በላይ ያለው ማራገቢያ መሽከርከሩን አላቆመም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ማጽናናትዎ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ከአንድ ሺሁ ጊጋባይት አራት መቶው ብቻ ታየ። ስድስት መቶው ባዶ ነው አይባል፣ ሙሉ ነው አይባል፣ በቃ የለም። የዘጠኝ ዓመት ሙታን ስም፣ የመቃብሮቻቸው ፎቶግራፍ፣ የቤተሰቦቻቸው ስልክ አብሮ ሄደ። እኔ ሳለቅስ «የጠፋው ጠፋ፤ ፎርማት አድርጊውና አዲስ ጀምሪ። ሙታን አይቸኩሉም» አሉኝ። እንዲህ ያለ የተረጋጋ መሪ ማግኘት መታደል ነው።

ሦስተኛ፤ ስላልታዘዝኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዲስኩን ነቅዬ፣ በዘንቢል ከጎመን ሥር ደብቄ፣ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ጁባ ታውን ወሰድኩት። እዚያ ፖል የሚባል፣ ጋምቤላ በስደት ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚጠራ የኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከዚያ ወዲህ የጻፍሽበት ነገር አለ?» ብሎ ነው። የለም ስለው በዐረብኛ «ኩወይስ»፣ ጥሩ ነው፣ አለና «ቦታው አልጠፋም እህቴ። የጠፋው ድንበሩ የተመዘገበበት ሰንጠረዥ ነው። ያሉሽን ሰምተሽ አዲስ ነገር ብትሞዪበት ኖሮ ግን እኔም አልደርስልሽም ነበር» አለኝ። ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ዋናውን ሳይነካ፣ ከቅጂው ላይ የድሮውን ድንበር ሦስት ቀን ፈለገ። በአራተኛው ቀን ስድስት መቶው ጊጋባይት ተመለሰ። አንዳንዱ ፎቶግራፍ ግማሹ ግራጫ ሆኗል፤ መዝገቡ ግን ተከፈተ።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ አጠረኝ። ከወረቀቱ መዝገብ በፎቶ የተነሣው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሽመክት ሽፈራው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሆቴሉ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ይዞት የሞተ፣ ሰባተኛ ረድፍ።» ከሥሩ ፊርማዎ አለ። ከፊርማዎም ሥር በእጅ ጽሕፈትዎ «ለቤተሰቡ እንዳይነገር» የሚል ተጨምሯል።

ሄቨን ጋ ስደውል ለካ ጁባ ገብታ፣ ካቶር በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ የወንድሟን ፎቶ ይዛ ሆቴል ለሆቴል ስትዞር ሰንብታለች። የእርስዎም ሆቴል ደርሳ ነበር፤ በር ላይ ውኃ እንዲሰጣት ማዘዝዎን በምስጋና ታነሣለች። ሰባተኛው ረድፍ ወሰድኳት። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ ሣሩን በጣቷ ስትነቅል ቆየችና «ሁለት ዓመት ሙሉ በሕይወት እንዲመለስ ስሳል፣ እሱ እዚህ ነበር?» አለችኝ። መልሱ የክቡርነትዎ ስለሆነ ጥያቄውን ሳላጎድል አስተላልፌያለሁ።

አምስተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ለደኅንነቴ ስላሳዩት አሳቢነት። የቢሮው ቁልፍ ተቀይሮ ጠበቀኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሰሌዳ የሌለው ነጭ ላንድክሩዘር ከበሬ ፊት ለፊት ይቆማል። ሾፌሩ ስንት ሰዓት እንደምወጣ፣ በየት በኩል እንደምሄድ ጎረቤቴን አዲዩን ጠይቋታል። እንዳይደክም ብዬ እዚሁ ልንገረው፤ ዲስኩ ቤቴ የለም። ቅጂዎቹ በሦስት ሰዎች እጅ ናቸው፤ ሦስቱም አይተዋወቁም። በመጪው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መዝገቡን ከመጀመሪያው ስም ጀምሬ አነባለሁ። እኔ ባልገኝ የሚያነብ ሰው አለ።

ከወንበርዎ ከፍታ ዝቅ ብለው ይህን ለማንበብ ስለደከሙ እጅ እየነሣሁ፣ በፍጹም አክብሮት፣ እስካሁን በሕይወት ያለሁት የመዝገብ ሠራተኛዎ፣

ሮማነወርቅ ሥዩም

ማስታወሻ፦ ከእኔ በፊት መዝገቡን ይይዙ የነበሩት አቶ ታዲዮስ በፈቃዳቸው ሥራ ለቀው ካምፓላ እንደሄዱ እርስዎ ነግረውን ነበር። በተመለሰው ቦታ ውስጥ፣ ሄዱ ባሉን በዘጠነኛው ቀን፣ እዚሁ ቢሮ ተቀምጠው የጻፉት ያላለቀ ደብዳቤ ተገኝቷል። የሚጀምረው «አልፈርምም» ብሎ ነው። ባለቤታቸው ሰሚሃ አድራሻቸውን ትጠይቃለች። ካምፓላ ከሆነ የስልክ ቁጥሩን፣ ካልሆነ የረድፉን ቁጥር ቢልኩልን ይበቃናል።