የኅዳር ጽዮን ዕለት ደረቅ ነው ላላችሁን

ታኅሣሥ 8 ቀን
ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲወጡ በስተግራ ካለችው ቀበሌ

የሰማዩን ነገር አስቀድሞ አውቆ ለምድሩ ሰው ለሚነግረው፣ ሙሉ ስሙን ብጽፈው አንድ መስመር ለሚጨርስብኝ፣ ለተከበረው የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እናንተም፣ ልጆቻችሁም፣ ኮምፒውተራችሁም፣ በተለይም ጣራችሁ ደህና ነው ወይ? እኔ እስከ ዛሬ ካልደረቀው ጋቢዬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው ደመናን በእጁ የጨበጠ፣ ከዚህ እስከ ራስ ዳሸን ካለው ገበሬ ሁሉ ሰማይን በማንበብ የሚተካከለው ያልተገኘ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር የጨበጥሁት ሰሜን ተራራ ውስጥ ሳንቃ በር ከተባለው ሰፈር የቱሪስት በቅሎ ስነዳ ያገኘሁትን ጉም ነው፤ እጄን ስከፍተውም ምንም አልነበረበትም። ማንበቡን ግን አትጠራጠሩ፤ ሰማዩን ባይሆን ፊደሉን አነባለሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ በሁለት ዓመት ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። በክፍሉ አሥራ አንድ ነበርን፣ ሰባቱ ለፈተናው አልመጡም፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። ይህ በገዛ እጄ ከራስጌው እስከ ግርጌው የጻፍሁት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ስለሆነ፣ ዕጣው ለእናንተ በመውጣቱ ክብር እንዲሰማችሁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የማታ አስተማሪያችን መምህር ክንዴ «አቤቱታ ቁጥር ሲኖረው ባለሥልጣን ያነበዋል» ስላሉን፣ የእኔንም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በኅዳር መጀመሪያ በቀበሌያችን ሰሌዳ ላይ «የአጨዳ ወቅት ምክር» የሚል፣ መስመሩ የተስተካከለ፣ ማኅተሙ ያማረ ወረቀት ስለለጠፋችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። እንደዚያ ያለ ቆንጆ ወረቀት በዕድሜዬ አላየሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ለሕዝቡ ያነበብሁት እኔ ነኝ። በኅዳር 21 ትይዩ «ደረቅ፤ የዝናብ ዕድል አምስት በመቶ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ መጀመሪያ ለሕዝቡ፣ ቀጥሎ ወደኋላ ቆመው ላልሰሙት፣ በመጨረሻ ባለቤቴ ዓለምዬ ከሴቶቹ ጋር ስትወጣ ስላየኋት ለእሷ።

እንግዲህ ከተማ ላላችሁት ላስረዳ። በእኛ አገር ታላቅ በዓል ሲመጣ፣ የታጨደ እህል በዋዜማው ይከመራል እንጂ ተበትኖ አያድርም። በበዓሉ ዕለት ነዶ የሚያነሣ እጅ ስለማይኖር፣ ዝናብ ቢመጣ የተከመረው ይድናል፣ የተበተነው ይጠፋል። የደብራችን ቄስ አባ ባርናባስ በዋዜማው ወደ ሰሜን ተራራ ቀና ብለው «ተራራው ጥምጥሙን አድርጓል፤ ነዶው ቢከመር ይሻላል» አሉ። እኔም ወረቀታችሁን ከሰሌዳው ነቅዬ ይዤ ነበርና «አባቴ፣ ጥምጥሙ የተራራው ነው፣ አምስት በመቶው ግን የመንግሥት ነው» አልኋቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ያንን ሳቅ ባላገኘው እመርጥ ነበር።

ሁለተኛ። ወለተ ማርያም የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ አጥሯ ከአጥሬ የሚነካካ ጎረቤት አለችኝ። መሬቷ ትንሽ ናት፤ የዘንድሮ ገብሷ ግን ገና ከሩቅ ሲታይ ዓይን ይይዝ ነበር። የዓመት ቀለቧም የከርሞ ዘሯም እሱ ብቻ ነው። ኅዳር 20 ቀን ለእሷ ደቦ ወጥተን፣ አሥራ አራት ሰዎች ሆነን አጭደን፣ ነዶውን አውድማ ላይ አደረስን። ከሰዓት በኋላው ለመከመር የተቀመጠ ነበር። «እንከምረው እንዴ ቢራራ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቄሱን ሳይሆን እኔን ጠየቀችኝ። እኔም «ምን ያደርግልሻል፤ በትነሽ ተይው፣ ነገ ፀሐይ ይምታውና ከነገ ወዲያ በማለዳ በሬ እናስገባለን» አልኋት። ደቦውም ተመርቆ ተበተነ።

ኅዳር 21 ቀን፣ ቅዳሴው ሳያልቅ፣ አምስቱ በመቶ መጣ። አምስት በመቶ ሲባል እንደ ካፊያ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሲመጣ መቶ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰው ሁሉ በደጀ ሰላሙ ተጠልሎ ወደ አውድማው አቅጣጫ ቆሞ ያያል፣ ቀኑ የጽዮን ነውና ማንም እግሩን አያነሣም። አባ ባርናባስ ቅዳሴውን ፈጽመው ሲወጡ «ምን ቆማችኋል? እህል ነው እኮ! እመቤታችን ስለ እህል አትቆጣም፤ ሩጡ!» አሉን። ሮጥን። በእበት የተለቀለቀው አውድማ ጭቃ ሆኖ፣ ነዶው ከነራሱ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። ያነሣነውን አነሣን፤ ውኃ የጠጣ ነዶ ስንት እንደሚከብድ ኮምፒውተራችሁ ያውቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ ፀሐይ አልወጣችም። በስድስተኛው ቀን ገብሱ አውድማው ላይ ጎነቆለ።

ከታች መንደር ያለው ሙሌ፣ በየለቅሶው ቤት እንኳ ቀልድ የማያጣው፣ «ወለተ ማርያም፣ ብቅሉን ሰማይ አዘጋጅቶልሽ የለ፣ ጠላውን መጥመቅ ብቻ ነው የቀረሽ» አለ። ማንም አልሳቀም። እኔም እንኳ አልሳቅሁም፤ ይህ በአገሩ ያልታየ ነገር ነው።

እሷ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልትሰድበኝ፣ ድንጋይ ልትወረውርብኝ ትችል ነበር፤ አልተከላከልሁም ነበር። እሷ ግን የጎነቆለውን ገብስ በእፍኟ ይዛ «አንተ ምን ታደርግ ቢራራዬ፤ ያነበብኸው ነህ እንጂ የጻፍኸው አይደለህ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአጥሯ በኩል ማለፍ ትቼ በወንዙ ዞሬ እሄዳለሁ።

ሦስተኛ። ቁጣዬን የምጥልበት ስፈልግ፣ ሰማይን የሚከሱበት ቢሮ ስለሌለ፣ ወደ እናንተ ቢሮ መጣሁ። ወይዘሪት ይርጋለም የተባለችው ባለሙያችሁ ወንበር ሰጥታ፣ ትንበያ እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ አስረድታ ስለሸኘችኝ ዕድሜዋን ያርዝመው። እንደ ነገረችኝ፣ ከላይ ሳተላይት ያያል፣ ከታች በየጣቢያው ሰው ይለካል፣ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ኮምፒውተሩም አገሩን እንደ ደብተር በካሬ በካሬ ከፍሎ፣ ለአንዱ ካሬ አንድ መልስ ይሰጣል። የእኛ ካሬ ከየት እስከ የት ነው ብዬ ብጠይቃት በጣቷ ስታሳየኝ፣ እኛም፣ ገደሉም፣ ከገደሉ በታች ወደ አዲ አርቃይ የሚወስደው ቆላም አንድ ካሬ ውስጥ ነን።

እዚህ ላይ አድናቆቴን መደበቅ አልችልም። በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጠውን ደጋና በሸሚዝ የሚያልበውን ቆላ ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ የሚወጣው ሰው ማን ነው? የትስ ይኖራል? እኔ እንደማውቀው በዚያ መካከል ሊማሊሞ ገደል ላይ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንበያችሁ ለጭላዳው በትክክል እየደረሰው በመሆኑ፣ እሱ መጻፍ ስለማይችል፣ በእሱ ስም ላመሰግን እወዳለሁ።

አራተኛ። «ትክክል የሚሆነው ስንት ጊዜ ነው?» ብዬ ብጠይቃት «ከአሥር ሰባቱን እናገኛለን» አለችኝ። እኔም የማታውን ፈተና ያለፍሁት ከአሥር ሰባት አግኝቼ ነውና ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ መምህር ክንዴ ግን የሳትኋቸውን ሦስቱን በቀይ አክብበው፣ የትኞቹ እንደሆኑ አሳይተው ነው ወረቀቴን የመለሱልኝ። የእናንተ ሦስቱ የት እንደሚወርዱ በቀይ የሚያከብብ የለም። የወረዱበት ሰው ብቻ ያውቃቸዋል።

አምስተኛ። ወይዘሪት ይርጋለም ይህን ሁሉ ስትነግረኝ፣ ያ የአጨዳ ምክር ግን ከካሬው ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ጨመረችልኝ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ከሁለት ዓመት በፊት የተተከለች ዝናብ መለኪያ አለች፤ ለቀበሌያችን የወጣው ቀን በቀን ግምት በእሷ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው። መዝገቡን ከፍታ «ያው ተመልከት፣ በኅዳር 21 ሁለቱንም ዓመት ዜሮ ነው» አለችኝ።

ያችን መለኪያ የሚለካው ማን እንደሆነ ለማታውቁ፣ እኔ ነኝ። መምህር ክንዴ ቁጥር ከሁሉ ቀድሜ ስለያዝሁ ለእኔ አደራ ሰጡኝ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳላጓድል በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ውኃውን ለክቼ፣ ቅጹን ሞልቼ፣ ቁጥሩን በስልክ መልእክት ልኬላችኋለሁ። እናንተም ከዞኑ ጣቢያዎች ሁሉ ክፍት ቦታ የሌለበት መዝገብ የእኔ ብቻ መሆኑን መስክራችሁ፣ ባለፈው ዓመት የወርቅ ጠርዝ ያለው የምስክር ወረቀት ልካችሁልኛል። ስለዚህ ጥፋቱ ከእኛ በኩል እንዳልሆነ ግልጽ ይመስለኛል።

ስድስተኛ ቁጥርም ነበረኝ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

እንግዲህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ለወለተ ማርያም የሚዘራ ገብስ ስጡ አልልም፤ ገብስ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፣ ያላችሁ በመቶ ብቻ ነው። ደቦው ተሰብስቦ ከየቤቱ በቁና እያዋጣላት ነው፤ ዓመቱን ያደርሳት እንደሆነ የሚተነብይ ግን በመካከላችን አልተገኘም። የምለምነው፣ ከእናንተ አንዱ ቢሮውን ዘግቶ እስከ ቀበሌያችን መጥቶ መለኪያዋንም፣ አውድማውንም፣ እሷንም በዓይኑ እንዲያይ ነው። ሲመጣ ጃንጥላ ይያዝ። ደረቅ ነው ብላችሁ ብትነግሩት እንኳ ይያዝ።

ከፍ ያለ አክብሮቴን ከጠፋው ገብስ በማያንስ መጠን እያቀረብሁ፣ ቢሮአችሁን ከመብረቅ፣ ወረቀታችሁን ከእርጥበት፣ ቃላችሁን ከሚያምን ገበሬ ይሰውርላችሁ እያልሁ እሰናበታለሁ።

ታዛዣችሁ፣ አንባቢያችሁና ለኪያችሁ፣
ቢራራ እንግዳው
(ፊርማው የራሴ ነው፤ በአውራ ጣት መፈረም ትቻለሁ)

ከፊርማዬ በታች፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ነገር ፈጥሬአለሁ። በአምስተኛው ላይ «አንድም ቀን ሳላጓድል» ያልሁትን ነው። በሰንበትና በበዓል ውኃ መስፈር ሥራ ነው ብዬ፣ ጠላውም ነበረበት፣ ወደ መለኪያዋ አልሄድም ነበር። ቅጹ ደግሞ «ክፍት ቦታ መተው አይፈቀድም» ይላል። ስለዚህ በየበዓሉ ዜሮ ጻፍሁ። በማግስቱ የተጠራቀመውን ውኃ፣ የበዓሉ ነው እንጂ የዛሬ አይደለም ብዬ፣ ሳልለካው ባሕር ዛፉ ሥር እደፋው ነበር። አባ ባርናባስን ብጠይቃቸው ኖሮ በዝናቡ ቀን ስለ እህሉ ያሉትን ይሉኝ ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም። ዓምና የጽዮን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዓለምዬ ጋቢዬን ጠምዝዛ ውኃ አውጥታበታለች፤ መዝገቡ ላይ ግን ዜሮ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ እንኳ፣ በእሑድ፣ በሚካኤል፣ በማርያምና በመድኃኔዓለም አንዲት ጠብታ ያልወረደባት ቀበሌ በጠረጴዛችሁ ላይ ስታልፍ፣ ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው አንዱ እንኳ «ይህች ቀበሌ ምን ሆና ነው?» ብሎ አልደወለልኝም፤ የምስክር ወረቀት ላከልኝ እንጂ። ወረቀቱን አልመልስም፣ ዓለምዬ የግድግዳውን ስንጥቅ ሸፍናበታለች። ዜሮዎቹን ግን ከሚመጣው ኅዳር በፊት እባካችሁ ሰርዙልኝ፤ የእኔ እርሳስ እናንተ ዘንድ አይደርስም።

ወለተ ማርያም ይህን አታውቅም። የደብዳቤው ግልባጭ የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ «አንብብልኝ» ማለቷ አይቀርም፤ እስከ ፊርማው ድረስ አነብላታለሁ። ከዘንድሮ ጀምሮ ግን እሷም የማታ ትምህርት ተመዝግባለች። መምህር ክንዴ ከእኔ ትፈጥናለች ይላሉ፤ እስከ ፋሲካ እዚህ መስመር ላይ ትደርሳለች።