ስድሳ ሰባተኛው ደቂቃ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

ለነገው ጨዋታ ወረቀት አሰመርኩ። ገጽ 23። ለዘጠናው ደቂቃ ዘጠና መስመር፣ ለጭማሪው አሥር። የእኛ በሰማያዊ፣ የተጋጣሚ በጥቁር። ጥፋት የማንም ይሁን የማን በቀይ። መፋቅ የለም። ከተሳሳትኩ በማስመሪያ አንድ ሰረዝ፤ ከሥር ያለው እንዲነበብ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ገጾቹን በመርፌ እሰፋቸዋለሁ።

ከሰዓት ፋርማሲ ሄድኩ። የግፊት ክኒኔ የቀረው ለአሥር ቀን የሚበቃ ብቻ ነው አለ ፋርማሲስቱ። "ሌላው ሲመጣ አስቀምጥልዎታለሁ፣ መምህርት። ደግሞ ነገ መስመር ላይ እኔ ነኝ። ልጅዎ እንዳይጮኽብኝ ይምከሩልኝ።" በሥራ ቀን መድኃኒት ይሸጣል፣ እሑድ እሑድ የመስመር ዳኛ ነው።

"ከሆዴ ሲወጣ መጮኽ ጀመረ፤ እስካሁን አላቆመም" አልኩት።

ሳቀ። ጥርሱ ሲያምር... "ከምግብ በኋላ ነው፣ አይርሱ።" ሁሌ ይላል።

አመሻሽ ላይ ልጄ ደወለ። "እማ፣ ነገ ከተሸነፍን ሰኞ ከአሰልጣኝነቴ ያሰናብቱኛል።" ቀልዱን አይደለም። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል።

እሑድ፣ ኅዳር 4

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ።

67ኛው ደቂቃ። ምላጭ፣ የእኛ ዘጠኝ ቁጥር፣ ኳስ ይዞ ሊገባ ሲል የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አነሳ። ከጨዋታ ውጪ። ትክክል ነበር። ምላጭ ሮጦ መጣና አፉን በክርኑ መታው። የመሐል ዳኛው ጀርባውን ሰጥቷል። ያለው ካሜራ አንድ ነው፤ እሱም ኳሷን ተከትሎ ወደ ማዶ ዞሯል። እኔ እንደ ወትሮዬ ከተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ ነበርኩ። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ፋርማሲስቱ ተነሣ፤ መሐረብ ላይ ደም ተፋ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ከመመታቱ በፊትም፣ በኋላም።

በቀይ ጻፍኩ። "67። ዘጠኝ ቁጥር የመስመር ዳኛውን አፉን በክርን መታ።" እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ።

ከጨዋታው በኋላ መግለጫ የሚሰጥበት ክፍል ገባን። ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ልጄን እጠብቀውና አብረን እንሄዳለን። አንድ ጋዜጠኛ ተነሣ።

"አሰልጣኝ፣ የመስመር ዳኛው ሁለት ጥርሱ ወልቋል። ምላጭ መታኝ ይላል።"

"ምላጭን እንደ ልጄ ነው የማውቀው። የተሰደበው እሱ ነው፤ ያውም በእናቱ። ዳኛው ወደ ኋላ ሲል ተደናቅፎ ወደቀ። ይኸው ነው።"

"አንተ አይተሃል?"

"እናቴ አርባ ዓመት አስተምራለች። ደቂቃ በደቂቃ ትመዘግባለች። እንዲህ ያለ ነገር መዝገቧ ላይ የለም።" ቀና ብሎ አየኝ። "አይደል፣ እማ?"

ሁሉም ዞሩ። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ በአቃፊ ውስጥ።

አዎ እንደ ማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 5

ጋዜጣው "የመምህርቷ መዝገብ አሰልጣኙን ደገፈ" ይላል። ታናሽ እህቴ ገና በጠዋቱ ደወለች።

"እታለም፣ ጋዜጣ ላይ ወጣሽ። ሻሽሽ ግን ጠሟል።"

"አይቼዋለሁ።"

"እኔስ ለዳኛው አዘንኩ ልል ነበር። አንቺ ካልሽማ ዋሽቷል ማለት ነው። የጎረቤት ዶሮ ስንት እንቁላል እንደጣለች የምትመዘግቢ ሴት!"

ሳላውቀው ስልኩን ዘጋሁባት። ትስቅ ነበር... ምን ልበላት?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ልጄ መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"ለምን አስቀድመህ አልጠየቅኸኝም?"

"ብጠይቅሽ አትነቀንቂማ።"

እውነቱን ነው። ያውቀኛል።

"እማ፣ ስሚኝ። ተጫዋቹን ለጋዜጠኛ አሳልፎ የሰጠ አሰልጣኝ፣ በማግስቱ የሚሮጥለት የለም። ውጪ ሽፋን እሆንለታለሁ፤ ውስጥ እቀጣዋለሁ።"

"ቀጣኸው?"

"ይደርሳል።"

"ስድቡንስ ማን ሰማ?"

ጣራውን አየ። ልጅ ሳለም እንዲህ ነበር።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዓርብ ኅዳር 16 ይሰበሰባል። እስከዚያ ፋርማሲስቱ ታግዷል። በሐሰት ከስሷል ከተባለ የዳኝነት ፈቃዱን ይነጥቁታል። አሥራ አራት ዓመት የዳኘበትን። የሚያዩት ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ ገጽ 23።

"ገልብጪልኝ፣ እማ። አንዲት መስመር ብቻ ትቅር።" ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ገለበጥኩ።

ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። 67 ባዶ። ሌላው ሁሉ እንዳለ።

ከጨረስኩ በኋላ አየሁት። እጅግ ንጹሕ ነው። አንድም ሰረዝ የለበትም። በኩረጃ ስንቱን ተማሪ ይዤአለሁ፤ የሚያጋልጣቸው ይህ ንጽሕና ነበር። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሳይሳሳት የሚጽፍ ማን አለ? ታዲያ ምን አደረግሁ? ሦስት ስሕተት ፈጥሬ ጨመርኩና በማስመሪያ ሰረዝኳቸው። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይፋጃል...

ዋናውን አልቀደድኩትም። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ስታዲየም አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኩ። አንዱ ውሸት ታናሹን ወለደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ክኒኑ አለቀ። ሁለት ፌርማታ ተሳፍሬ ሌላ ፋርማሲ ሄድኩ። የለም አሉኝ። ሦስተኛውም የለም። መንገድ ላይ ራሴን ሲያዞረኝ ተመለስኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እሱ ጋ ገባሁ።

ከንፈሩ ተሰፍቷል። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የሉም። "መምህርት" ሲል ቃሉ በክፍተቱ በኩል ያፏጫል። ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ፓኬት አወጣ። በላዩ ላይ ወረቀት ለጥፎበታል፤ "ለመምህርት። እንዳይሸጥ።"

"ቅዳሜ ነው የመጣው። ሲቀሩብኝ አሳሰቡኝ። ይህ ክኒን አንድ ቀን አይዘለልም።"

"ከንፈርህ..."

"ይድናል።"

ሌላ ደንበኛ ገባ፤ ሳል አለበት። አስተናገደው። ወጣ።

"ዓርብ ይመጣሉ አሉኝ" አለ።

"አዎ።"

"መዝገቡን ይዘው?"

"አዎ።"

ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ቢጮኽብኝ?

"ከምግብ በኋላ ነው፣ አይርሱ" አለ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የማስተምርበት ክፍል መስኮት በኳስ ሰበረና ጓደኛው ነው አለ። ጓደኛው ተገረፈ። በኋላ እውነቱን ሳውቅ አርባ ልጅ ፊት አቆምኩት። "እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ዋሽቻለሁ" እስኪል ጠበቅሁ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀ። አላለቀስኩም፤ እሱ አለቀሰ።

ያኔ ሰላሳ አራት ዓመቴ ነበር። እንዴት ቀላል ነበር እሱን ማቆም።

ዓርብ፣ ኅዳር 16

ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጆግ ውሃ። ልጄ በስተቀኝ። ምላጭ ከአጠገቡ፣ አንገቱን ደፍቶ። ፋርማሲስቱ ከግራ፣ መስኮቱ ሥር።

"እማማ፣ ይቀመጡ" አለ ሰብሳቢው።

"ቆሜ ነው የምናገረው።"

ሁለቱንም ወረቀት አወጣሁ። ግልባጩ ላይ ማስመሪያ አስቀምጬ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ሰረዝ አሰመርኩ። ከሥር ያለው እንዲነበብ። ዋናውን ገፋሁላቸው። ሰብሳቢው አነበበ፤ 67ን በጣቱ ነካ። ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ከታች ዛሬ ጠዋት በቀይ የጨመርኩት አለ። ድምፅ አውጥቼ እኔው ላንብብ አልኩ።

"ከጨዋታው በኋላ። መዝጋቢዋ ሐሰት መሆኑን እያወቀች ራሷን ነቀነቀች። በአራተኛው ቀን ገጹን አጭበርብራ ገለበጠች።"

ውሃው ሲቀዳ ይሰማል።

"ይቺኛዋን እንኳ መጻፍ አያስፈልግም ነበር" አለ ሰብሳቢው፣ ቀስ ብሎ።

"ጥፋት የማንም ይሁን የማን በቀይ ነው።"

የፋርማሲስቱ እገዳ ተነሣ። ምላጭ አምስት ጨዋታ። ልጄ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ፋርማሲስቱ አላመሰገነኝም። ለምን ያመሰግነኛል? ጥርሱ አልተመለሰለትም።

ደረጃው ላይ ልጄ ደረሰብኝ። "ዛሬም ሰው ፊት አቆምሽኝ።"

"ዛሬ የቆምኩት እኔ ነኝ።"

ሁለት ደረጃ ወርዶ ዞረ። "ለእሱ ነው ያደላሽው።" መልሴን አልጠበቀም።

እሑድ፣ ኅዳር 18

በሬዲዮ ሰማሁ። ሁለት ለዜሮ ተሸነፉ። ያለ ምላጭ።

ሰኞ፣ ኅዳር 26

አልደወለም። ትናንት ግን አቻ ወጥተዋል፤ ሥራው ላይ አለ። እህቴ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ሻይዋን አስቀመጠች። "እኔስ ሻሽሽ ብቻ ነው የጠመመው ብዬ ነበር" አለችና እጄን ያዘችኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 2

ትኬት ገዝቼ ገባሁ። ማዶ፣ ተመልካቹ መሐል። ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ "እማማ፣ ምን እየጻፉ ነው? ለመንግሥት ነው?" ሲል አካባቢው ሳቀ። ገጽ 24።

52ኛው ደቂቃ። የእኛ አራት ቁጥር ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የተጋጣሚን እግር ረገጠ። ዳኞቹ አላዩም። ጻፍኩ። ቀና ስል ልጄ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ወደ ማዶ ያያል። እኔን ይሁን ሰዓቱን... አላውቅም።

አንድ እኩል ወጡ። ቤት ገብቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። ጋዜጠኛው ጠየቀው። "አሰልጣኝ፣ አራት ቁጥር ሆን ብሎ ነው የረገጠው ይባላል።"

የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግሁ።

"እሱን ከልጁ ጋር እንነጋገራለን" አለ። አልተደናቀፈም አላለም። ተሰደበ አላለም። እውነቱንም አላለም።

ሬዲዮውን እንደዘጋሁ ስልኩ ጮኸ።

"እማ።"

"አቤት።"

"አምሳ ሁለተኛውን ጻፍሽው?"

"ጻፍኩት።"

"በቀይ?"

"በቀይ።"

ትንፋሹ ይሰማኛል። ልጅ ሳለ ጨዋታ ሲሸነፍ እንዲህ ይተነፍስ ነበር።

"ነገ ሰኞ ነው" አለ። ሰኞ ሰኞ ነበር መዝገቡን ዘርግተን የምንቀመጠው።

"ነው" አልኩት።

ገጽ 24ን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ገጽ 23ንም ኮሚቴው ማኅተም አድርጎበት መልሶልኛል፤ ከሥሩ አደረግሁት፣ የእኔዋ ቀይ መስመር በታች በኩል ብቅ እንዳለች። ልሸፍናት እጄ ሄዶ ነበር። ተውኳት።